መቻል ያበደበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ዝናብ ያበሰበሰው ቡችላ ሹራቧ ውስጥ ወሽቃ ቤት ገባች። እኔ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ ድንች እልጣለሁ። ቡችላውን አላየሁትም፤ ሽታው ነው ቀድሞ የመጣው። የረጠበ የውሻ ጠጉር ሽታ ታውቁት የለ? አፍንጫን አልፎ ማጅራት የሚይዝ። ድንቹም ቢላውም ወዲያ፣ እኔ አልጋው ላይ! ይኸ ደረጃ ውጪ ሲሉት የሚያለቅሰው ጉልበቴ ያን ቀን የፍየል ጉልበት ሆነ።

"እማማ፣ ውሻ ይፈራሉ እንዴ?" አለችኝ፣ በሳቅ እየሞተች። ስሟ ሶልያና ነው። እናቷ እንዲህ ያለ ስም ያወጣችላት የፊት ጥርሴን እንዳወለቅሁ፣ "ሶ" ማለት እንዳቃተኝ እያወቀች ነው።

"ምን እፈራለሁ? አልጋው አቧራ ይዞ አይቼ ላራግፍ ነው የወጣሁት።"

"ገና ቡችላ እኮ ነው!"

ቡችላ! እሷ ስለ ቡችላ ምን ታውቃለች? እኔ አንድ ክረምት ሙሉ ቡችላ በሆዴ ተሸክሜ የኖርሁ ሰው ነኝ። እንዲያ ስላት ሳቋን ትታ አፏን ከፈተች። እኔም አልጋው ላይ እንደተሰቀልሁ ነገርኋት።

ያኔ የወተት ጥርሴን ገና የምነቅል ልጅ ነኝ። ቤታችን ከጉማራ ማዶ ነበር፤ ደብረ ታቦር ለመምጣት ወንዙን መሻገር ግድ ነው። አባቴ እኔ ሳልወለድ ሞቷል። ቤቱ ውስጥ እናቴ አለች፣ ታናሽ ወንድሟ አያ ደሴ አለ፣ እኔ አለሁ፣ ውሻችን መቻል አለ። አለቀ፣ ይኸው ነን።

አያ ደሴ ዋናተኛ ነበር። ሌላ ጊዜ እንደ ሰው ሁሉ ገበሬ ነው፤ ክረምት ገብቶ ጉማራ ሲሞላ ግን ገበያተኛውን፣ ቄሱን፣ ሙሽራዋን በትከሻው የሚያሻግር እሱ ነው። ድልድይ የሚባል ነገር በእኛ በኩል አልነበረም። ደግሞ ዝም ብሎ አያሻግርም። ወንዙ መሀል ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆምና፣ "እኔ የምለው፣ አምና ሰርግ ላይ ጠላ ስጠይቅ አልቋል ያልኸኝ አንተ አይደለህም?" ይላል። ትከሻው ላይ ያለው ሰውዬ ጠጉሩን ጨምድዶ፣ "ኧረ በማርያም ደሴ! እጥፍ አድርጌ አጠጣሃለሁ!" ይላል። ዳር ያለው ሰው በሳቅ ይፈርሳል። እኔን ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም፤ አይጢት ነው የሚለኝ። ይኸ በሰው ማላገጤ ከማን እንደመጣ ልጆቼ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል። ከእሱ ነው።

ሐምሌ ላይ መቻል መብላት ተወ። ከጎተራው ስር ገብቶ ይተኛል። ሲጮህ ድምፁ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ሆነ። አፉን መግጠም አቃተውና ለሃጩ እንደ ተልባ እየተዝለገለገ ይወርዳል። በፊተኛው ቀን ጎረቤት ተዝካር ነበርና ውሻው ሁሉ አጥንት ሲቆረጥም ነው የዋለው።

"አጥንት ነው" አለ አያ ደሴ። "ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮበት ነው።"

ማን ሰው ሌላ ነገር ያስባል? እናቴም አጥንት ነው አለች፣ አጥር ላይ የነበረችው ጎረቤታችንም አጥንት ነው አለች። እኔም እንደ ትልቅ ሰው፣ "አዎ፣ አጥንት ነው" አልሁ።

"በይ አይጢት፣ ጆሮዎቹን ያዥልኝ፤ ላውጣለት።"

ሁለት ጆሮውን ያዝሁ። ጆሮው እሳት ነው። አያ ደሴ እጁን ወደ ጉሮሮው አስገባ። መቻል አየኝ። አይኑ ግን እኔን አላየም፤ እኔን አልፎ ከኋላዬ የቆመ ሰው የሚያይ ይመስል ነበር። ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም።

"ምንም የለም እኮ" ሲል አያ ደሴ፣ መቻል ቀጭ አደረገው። አውራ ጣቱን። ሲያመልጥ ደግሞ የእኔን ክንድ ነካ አድርጎኝ ሄደ።

"ይኸ ምስጋና ቢስ!" ብሎ ሳቀ አያ ደሴ። ጣቱን መጠጥ አድርጎ ደሙን ተፋ። እናቴ ክንዴ ላይ አመድ ነሰነሰችልኝ። ውሀና ሳሙና ደጁ ላይ ነበር። በሳሙና ደህና አድርጎ ማጠብን ያኔ ማን ነገረን?

በማግስቱ መቻል ከጎተራው ስር ወጥቶ ሮጠ። ጅራቱን ወሽቆ፣ አፉን ከፍቶ፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሮጠው፤ ጠርተነው ዞር አላለም። የጎረቤታችንን አህያ ነከሰ። ድንጋይ ነከሰ። ነፋስ ነከሰ። ወንዶቹ ዱላ ይዘው ወጡ፤ ቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ ገደሉት። "እብድ ነበር!" የሚል ድምፅ ከላይ መንደር ሲመጣ እናቴ ጭቃው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ትልቅ ሰው ጭቃ ላይ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ተነሽ ብዬ እጇን ብጎትታት ክንዴን አየችና ጮኸች።

የመንደሩ መድኃኒት አዋቂ አባ ውቤ ነበሩ። ማለዳ በባዶ ሆዳችን ሄድን። ስር ወቅጠው በፍየል ወተት በጥብጠው ሰጡን። እንደ ኮሶ ይመራል። አያ ደሴ ጨልጦ ጠጥቶ፣ "አባ፣ ይድገሙኝ፣ ጥሩ ጠላ ነው" አላቸው። አባ ውቤ አልሳቁም።

"ስሙ እንግዲህ" አሉ። "መስቀል ሳይውል ጉማራን እንዳትሻገሩ። ወራጅ ውሀ የተሻገረ ሰው መድኃኒቱ ይፈርስበታል። ውሀም ይጣላዋል።"

"እኔ እኮ ዋናተኛ ነኝ አባ!"

"ዘንድሮ ሌላው ይዋኝ።"

ስንመለስ ያች አጥንት ነው ያለችው ጎረቤታችን መንገድ ላይ አገኘችንና ለእናቴ በሹክሹክታ ነገረቻት። ሹክሹክታዋ ማዶ ድረስ ይሰማል። ውሻ የነከሰው ሰው ሆዱ ውስጥ ቡችላ ያድርበታል፤ መድኃኒቱ ከሰራ ቡችላው በሽንት ይወርዳል፤ ካልወረደ ግን አድጎ ሰውየውን ያስጮኸዋል።

ወይ ጉዴ! ከዚያ በኋላ እኔ መሽናት ፈራሁ። ጓሮ እሄድና ቁጢጥ እላለሁ፤ አይኔን እጨፍናለሁ፤ ስጨርስ በአንድ አይኔ ብቻ ቀስ ብዬ አያለሁ። ምንም የለም። ምንም ከሌለ ደግሞ ገና ሆዴ ውስጥ ነው ማለት ነው። እንዲህም ሆነ እንዲያ ፍርሃት ነው። ሆዴ ሲጮህ እንጀራ እጎርስበታለሁ፤ ዝም ሲል፣ በላ ማለት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ያሳዝነኛል፤ ጨለማ ውስጥ ነው ያለ፣ እናቱም የለችም።

አያ ደሴ የሚያባብስ እንጂ የሚያጽናና ሰው አይደለም። ጆሮውን ሆዴ ላይ ለጥፎ፣ "አይጢት፣ ያንች ሴት ናት። የኔ ወንድ ነው፤ ሌላ ጊዜ እናጋባቸዋለን" ይለኛል። እኔ ሳለቅስ እሱ ይስቃል። ወዲያው ግን ወንዙ ወዳለበት ያያል። በር ላይ ቁጭ ብሎ የጉማራን ድምፅ እየሰማ፣ "ዛሬ ደረት ይደርሳል፣ ዛሬ አንገት ይደርሳል" ይላል። ሰው ማዶና ማዶ ቆሞ ስሙን ሲጠራ ይሰማል፤ አይሄድም።

ነሐሴ ሲገባ እናቴ ጨው ልትገዛ አንበሳሜ ገበያ ወረደች። አንበሳሜ በእኛ በኩል ነው፣ ጉማራን አያሻግርም። ጨውን ረስታ ተመለሰች። ገበያ ላይ አንዲት ሴት የልጇን ሆድ ገልጣ የመርፌ ምልክት አሳይታታለች። እብድ ውሻ ነክሶት ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወግተውላታል፤ ልጁ ከአህያ ጋር ይሯሯጣል። ያው ውሻ የነከሰው የባሏ ወንድም ግን አልሄደም። እሱን ቀብረውታል።

"ደሴ፣ ነገ ልጄን ታሻግርልኛለህ" አለች እናቴ፣ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ።

"እቴ፣ አባ ውቤ ያሉትን አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ።"

"መድኃኒቱ ይፈርሳል።"

"ይፍረስ! አንተም አብረኸን ትሄዳለህ፣ ትወጋለህ።"

"ሆዴን? የኔ ሆድ ጠላ ነው ያለበት፤ ቢበሱት ቤቱን ያጥለቀልቀዋል።"

እናቴ አልሳቀችም። ወጥታ ሌሎቹን ዋናተኞች ለመነች። መድኃኒት የጠጣች ልጅ ትከሻችን ላይ አናወጣም፣ ወንዙ እኛንም ይደርበናል አሏት። አይኗ ቀልቶ ተመለሰች። አያ ደሴ አያት፣ አየኝ፣ ተነሳና ልብሱን ማጠፍ ጀመረ።

"አይጢት እግሯን ውሀ ካልነካው" አለ፣ "ወንዙ በምን ያውቃታል? ነይ ውጪ።"

ማጅራቱ ላይ አወጣኝ። እግሬን ከስሬ አጣጥፌ፣ ግንባሩን በሁለት እጄ ያዝሁ። ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀኝ፤ ወንዙ ድምፅሽን እንዳይለይ አለኝ። ጉማራ ቡና መስሏል። ግንድ ይወርዳል፣ አረፋ ይወርዳል፣ የሰመጠ የጥጃ ሆድ ተገልብጦ ይወርዳል። ውሀው ጉልበቱን ያዘ፣ ወገቡን ያዘ፣ ብብቱን ያዘ። መሀል ላይ ደረስን። አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልቀለደም። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። እኔ ከወንዙ ይልቅ የፈራሁት የእሱን ዝምታ ነው።

ዳር ልንደርስ ስንል ውሀው ፈንጠር ብሎ ተረከዜን ነካኝ። ቀዝቃዛ ነው። ለማንም አልተናገርሁም። ወንዙ አወቀኝ አልሁ በልቤ።

ተመልሶ እናቴን አመጣት። ታዲያ እኛ የወጣንበት ዳር ላይ ከደብረ ታቦር ገበያ የሚመለስ ሰው ተሰብስቦ ኖሯል። "ደሴ መጣ! ደሴ መጣ!" ሰዉ ሁሉ ከበበው። አንዷ እርጉዝ ናት፣ ወሯ የገባ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

"ና እንሂድ" አለችው እናቴ።

"ሂዱ፣ እነዚህን ላሻግርና እደርስባችኋለሁ።"

"ደሴ፣ ና ብዬሃለሁ!"

"እቴ፣ ጉና ተራራው ጠቁሯል፣ አሁን ደራሽ ውሀ ይመጣል። ይችን ሴት ድንጋይ ላይ ላስወልዳት?" አለና እርጉዟን ሴትዮ፣ "ልጅሽን ስሜን ታወጭለታለሽ፤ አለዚያ መሀል ላይ እቆማለሁ!" አላት። ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። እኛ ዳገቱን ይዘን ወጣን። ዞር ዞር እያልሁ አየሁት፤ እርጉዟ ትከሻው ላይ ናት፣ እሱ ደረቱ ድረስ ውሀ ውስጥ ነው፣ ደግሞ መሀል ላይ ቆሟል።

ደብረ ታቦር የእናቴ ዘመድ ቤት አረፍን። ሐኪም ቤቱ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ነጭ የለበሰው ሐኪም ክንዴን አየ፣ የውሻውን ነገር ጠየቀ፤ ቀጥሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ሆዷን ግለጡልኝ!"

አያችሁ? ሰውየው የተነከስሁት ክንዴን መሆኑን በአይኑ አይቷል። ሆዴን ገልጦ የሚወጋኝ ቡችላው የት እንዳለ ስለሚያውቅ ነው! ከዚያ በኋላ በምን ልከራከር? በየጠዋቱ ይወጉኛል፤ ሆዴ እንደ ድንች አበጥ አበጥ አለ። መርፌው ሲገባ አይኔን ጨፍኜ ቡችላው ሲሸሽ ይታየኛል፤ አንድ ቀን በቀኝ ሲወጉኝ ወደ ግራ ይሄዳል፣ በግራ ሲወጉኝ ወደ ቀኝ። "ዛሬ እዚህ ጋ ነው ያለ" ብዬ ለሐኪሙ በጣቴ አሳየሁት። ሐኪሙ ምን እንደምል ስላልገባው፣ "ጎበዝ" አለኝ።

እናቴ በመጀመሪያው ቀን ነግራዋለች። "ወንድሜንም ያው ውሻ ነክሶታል። ቁስሉ ግን ደርቋል።"

"ቢደርቅም ይምጣ" አላት። "ዛሬውኑ ይምጣ። በሽታው አንዴ ከተነሳ እኛም የምናደርገው ነገር የለም፣ መርፌውም አይሰራም።"

እናቴ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ወደ እኛ አገር የሚወርድ ሰው እየፈለገች ትልካለች። ደሴን ይምጣ በሉት፣ በእናታችን አጥንት በሉት። መልስ ይመጣል፦ ጣቴ ድኗል፤ ወንዙ ሞልቶ ሰው እየጠበቀኝ ነው፤ ነገ እመጣለሁ። ሌላም ጊዜ፦ መድኃኒቱ እንደሁ አንዴ ፈርሷል፤ ምንም አልሆንሁም፤ አይጢትን ሳሙልኝ፤ ነገ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ረጅም ሰው ሲመጣ ትነሳለች፤ ሲቀርብ ትቀመጣለች።

መርፌው አለቀ። አዲስ ዓመት ሆኖ ነበር፤ መንገዱ ዳር ዳሩን አደይ አበባ። ጉማራ ጋ ስንደርስ ውሀው ወርዷል፤ አያ ደሴ ግን የለም። ሌላ ዋናተኛ ነው ያሻገረን፤ ያ በፊት እምቢ ያለው። አያየንም።

"ደሴስ?" አለችው እናቴ።

"እሱን ውሀ ተጣልቶታል" አለ።

የእኔ ተረከዝ ቀዘቀዘኝ።

ቤታችን በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ እንዳይገባ። ነፋስ ሲነካው ጉሮሮው ይታነቃል አሉ። ውስጥ ወንዶች ተቀምጠዋል። አያ ደሴ ጥግ ላይ ነው፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ አይኑ ገብቷል። አንዱ ሽማግሌ ውሀ በጣሳ ይዞ፣ "ትንሽ እንኳ ቅመስ" እያለ ይለምነዋል። ጣሳው ሲቀርበው እዚህ ጋ፣ ጉሮሮው ላይ፣ አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ። ጣሳዋን አይቶ እኮ ነው! ያ ጉማራን አንገቱ ድረስ ገብቶ የሚያላግጥ ሰው፣ በጣሳ ያለች ውሀ አይቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ልሳኑ ተዘግቶ እንደ መቻል፣ ልክ እንደ መቻል፣ በዚያ በጉንፋናም ድምፅ ጮኸ።

እናቴ ልትሮጥለት ስትል ወንዶቹ ያዟት። እሱም እጁን ዘረጋ።

"አትምጡ። ልጅቱን አታስጠጓት" አለ፣ ቃሉን እየቆራረጠ። "አሁን መቻል እኔ ነኝ።"

ቀና ብሎ አየኝ። አይኑ ግን የመቻል አይን አልነበረም፤ እኔን ነው ያየው፣ ደህና አድርጎ ነው ያየኝ።

"አይጢት። ተወጋሽ?"

"ተወግቻለሁ።"

"ስንት ቡችላ ኖሮሽ ኖሯል?"

"አንድ" አልሁት። "ሞተ።"

"ጎበዝ" አለ። "የኔው አድጎብኝ ነው።" ሊስቅ ፈልጎ ጉሮሮው አነቀው። እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ሸፍና አወጣችኝ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ለቅሶው ላይ ያች ጎረቤታችን፣ "ወንዝ ተሻገረ፣ ወንዙ በላው። አባ ውቤ ተናግረው ነበር" አለች። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እንዴት አይነቀንቅ? ውሀ ይጣላዋል ተባለ፣ ውሀ ተጣላው።

እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። "ወንዙማ ልጄን አሻግሮ ሰጥቶኛል!" አለች። "ያንቺን ምራት ከነልጇ አሻግሮ ሰጥቶሻል!" ለካ ያች እርጉዝ ሴት ላይ መንደር የምትኖረው የጎረቤታችን ምራት ኖራለች። "ወንድሜን የፈጀው መሻገሩ አይደለም። አብሮኝ ዳገቱን አለመውጣቱ ነው!" ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ምራቷ ጥግ ላይ ሕፃን ታቅፋ ታለቅሳለች። ደሴ ብለውታል።

እናቴ እውነት ተናገረች። እኔ ግን ልጅ ነኝ፣ የማምነው ተረከዜን ነው። እኔም ተሻግሬያለሁ፤ ወንዙም ነክቶኛል፤ ቀጣይዋ እኔ ነኝ። ስለዚህ በየጠዋቱ ገና አይኔን ስገልጥ፣ ማንም ሳያየኝ ወደ እንስራው እሄዳለሁ። ጣሳውን ሞልቼ በሁለት እጄ ወደ አፌ አመጣለሁ። ውሀውን አየዋለሁ፤ ያየኛል። ጉሮሮዬን እጠብቃለሁ። ከዚያ እጠጣለሁ። ወረደ! ዛሬ አልተጣላኝም። መስቀል ሲበራ ጠጣሁ፣ ከመስቀል ማግስት ጠጣሁ፣ ሕዳር ገብቶ ገብሱ ሲታጨድም ጠጣሁ።

ሶልያና ቡችላዋን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ "እማማ፣ ታዲያ ላስወጣው?" አለችኝ። አይኗ እንባ ሞልቷል።

"አንች፣ ማን አስወጪው አለሽ? ነገ የከብት ሐኪሞቹ ጋ ወስደሽ ታስከትቢዋለሽ፤ በየዓመቱም ታስከትቢዋለሽ። ጥርሱ ጫር ካደረገሽ ደግሞ መጀመሪያ ሳሙናና ውሀ፣ ቀጥሎ ሐኪም ቤት። ሳትደብቂኝ፣ ነገ ሳትይኝ። አሁን ክንድ ላይ ነው የሚወጉት፤ እናንተ ምን አለባችሁ!"

"ስሙን ማን እንበለው?"

"ማንም በይው፤ መቻል ብቻ አትበይው።"

ዛሬ ጠዋት ቡችላው ደጅ ታስሮ ሲያለቃቅስ ነቃሁ። እንደ ሁልጊዜዬ መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ውሀ ቀዳሁ፤ ትንሽ አየሁት፣ ከዚያ ጠጣሁት። ልጄ ስትገባ አየችኝና፣ "ጎሽ እማዬ፣ ለኩላሊት ጥሩ ነው" አለችኝ።

"አዎ ልጄ" አልኋት፣ "ለኩላሊት ነው።"